ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል

ሳንቲያጎ ራሞን ኢ ካሃል (ሜይ 1 ቀን 1852 – ኦክቶበር 17 ቀን 1934 እ.ኤ.አ.) የስፔን ሐኪምና የነርቭ ሥርዓት ተመራማሪ ነበር። አንጎል አንድ ወጥ መረብ ሳይሆን ራሳቸውን ከቻሉ ሕዋሳት የተሠራ መሆኑን በማሳየቱ ይታወቃል። በ1906 እ.ኤ.አ. የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ከጣሊያናዊው ካሚሎ ጎልጂ ጋር ተካፍሏል፤ ሁለቱ ግን በዋናው ጉዳይ ፈጽሞ አልተስማሙም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የወጣትነት ዘመን

ካሃል የተወለደው በሰሜን ስፔን፣ ፔቲያ ደ አራጎን በተባለች ትንሽ መንደር ነው። አባቱ ሁስቶ ራሞን የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ስለነበር ልጁም ሐኪም እንዲሆን ፈለገ፤ የልጁ ልብ ግን ሥዕል ላይ ነበር። በትምህርት ቤት አስቸጋሪ ስለሆነ አባቱ ፀጉር አስተካካይ ዘንድ፣ ሌላ ጊዜም ጫማ ሰሪ ዘንድ ሥራ አስገባው። በ11 ዓመቱ በገዛ እጁ በሠራው መድፍ የጎረቤት በር አፍርሶ ታስሯል። በመጨረሻ አባቱ ከመቃብር ስፍራ የተገኙ አጥንቶችን እንዲስል አደረገው፤ የሥዕል ፍቅሩ በዚያው ወደ ሰውነት አካል ጥናት ዞረ። በ1873 ከሳራጎሳ በሕክምና ተመረቀ፣ በጦር ሐኪምነት ወደ ኩባ ተላከ፣ ወባ ይዞት በ1875 ተመለሰ። ከ1883 ጀምሮ በቫሌንሲያ፣ በባርሴሎናና በማድሪድ አስተማረ።

ጥቁሩ ቀለም

በዚያ ዘመን አንጎልን በማይክሮስኮፕ ማየት ጥቅጥቅ ባለ ጫካ ውስጥ የአንዱን ዛፍ ቅርንጫፍ ከሌላው ለመለየት እንደ መሞከር ነበር። የተለመዱት ቀለሞች ሁሉንም ሕዋስ ስለሚያቀልሙ የትኛው ክር የማን እንደሆነ አይታወቅም። ጎልጂ በ1873 በፖታሲየም ዳይክሮሜትና በሲልቨር ናይትሬት የሚሠራ ዘዴ አገኘ። ዘዴው ጥቂት ሕዋሳትን ብቻ ይመርጥና ከነቅርንጫፋቸው ያጠቁራል። ለምን እነዚያን ብቻ እንደሚመርጥ እስከ ዛሬ በሚገባ አልተብራራም። ጎልጂ ግን ባየው ነገር የነርቭ ክሮች ሁሉ ተጋጥመው አንድ መረብ ይሠራሉ ብሎ ደመደመ።

ካሃል ይህን ዘዴ ያየው በ1887፣ ሉዊስ ሲማሮ ማድሪድ ውስጥ ባሳየው ናሙና ነው። ወዲያው ማሻሻል ጀመረ፦ ናሙናውን ሁለት ጊዜ አቀለመ፣ ወፈር አድርጎ ቆረጠ፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ያደገውን አንጎል ትቶ የፅንስና የጫጩት አንጎል መረጠ። በዚያ ዕድሜ ክሮቹ ገና በማየሊን ስላልተሸፈኑና አጭር ስለሆኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ መከተል ይቻላል። በወፎች ትንሹ አንጎል ውስጥ የአንዱ ሕዋስ ክር የሌላውን ገላ እንደ ቅርጫት ሲከብበው አየ፤ ሲዋሃድ ግን አላየም።

ግኝቱን በሜይ 1888 ያወጣው ራሱ ባቋቋመው መጽሔት ሲሆን ወጪውን ከኪሱ ከፍሎ ያሳተመው 60 ቅጂ ብቻ ነበር። ጽሑፉ በስፓንኛ ስለነበር ከአገር ውጭ የሚያነበው አልነበረም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በ1889 ናሙናዎቹንና ማይክሮስኮፑን ይዞ በርሊን በተካሄደው የጀርመን አናቶሚ ማኅበር ጉባኤ ላይ ተገኘ። በዘመኑ እጅግ የተከበረው አልበርት ፎን ኮሊከር በዓይኑ አይቶ አመነ፣ የቀድሞ አቋሙንም ለወጠ። በ1891 ደግሞ ቪልሄልም ዋልደየር ማስረጃዎቹን ጠቅልሎ ኒውሮን የሚለውን ስም አወጣ። ራሱ በጉዳዩ ብዙ ያልመረመረው ዋልደየር በስሙ ምክንያት ያገኘው ዝና ከድርሻው የበለጠ ነበር።

ካሃል መልእክት በዴንድራይት ገብቶ በአክሶን እንደሚወጣ ከሕዋሳቱ አቀማመጥ ብቻ ገመተ፤ በሥዕሎቹም ላይ አቅጣጫውን በቀስት አመለከተ። በ1890 ደግሞ በማደግ ላይ ያለ ክር ጫፍ መንገድ የሚፈልግ ሾጣጣ መሆኑን ገለጸ። ይህን ያለው የሞተ ናሙና አይቶ ነው፤ ሮስ ሃሪሰን በሕይወት ያለ ክር ሲያድግ ያየው ከ1907 ጀምሮ ነበር።

በስቶክሆልም የኖቤል ንግግሩን መጀመሪያ ያደረገው ጎልጂ ነው። ንግግሩም የኒውሮንን ሐሳብ የሚቃወም ነበር፤ ካሃል በማግሥቱ ተነሥቶ ያንኑ ሐሳብ አስረዳ። ክርክሩን የዳኘው የ1950ዎቹ ኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ነው፦ በሁለት ኒውሮኖች መካከል 20 ናኖሜትር ገደማ ክፍተት ታየ። ሆኖም በቀጥታ የተገናኙ አንዳንድ ኒውሮኖች መኖራቸውም ስለተረጋገጠ ጎልጂ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል ማለት አይቻልም።

ተጽዕኖ

ከተማሪዎቹ አንዱ ፒዮ ዴል ሪዮ ኦርቴጋ ማይክሮግሊያ የተባሉትን ሕዋሳት ለይቷል። ሌላው ራፋኤል ሎሬንቴ ደ ኖ ወደ አሜሪካ ሄዶ በኒውሮኖች መካከል ያሉ ዑደቶችን አጠና፤ ዶናልድ ሄብ በ1949 ስለ መማር ያቀረበው ንድፈ ሐሳብም በእነዚህ ዑደቶች ላይ ተመሥርቷል። ማክሎክና ፒትስ በ1943 የጻፉት የሒሳብ ኒውሮንም የተነጠለ ሕዋስንና ባለ አንድ አቅጣጫ መልእክትን መነሻ ያደርጋል። የዛሬ ሰው ሠራሽ ኒውራል ኔትወርኮች ስማቸውን ያገኙት ከዚህ መስመር ነው።

የካሃል ሥልጣን ጎጂ ጎንም ነበረው። ያደገ አንጎል አዲስ ኒውሮን አያበቅልም የሚለው አቋሙ ለአሥርተ ዓመታት እንደ ሕግ ተቆጠረ። በ1960ዎቹ ጆሴፍ አልትማን በአይጦች ላይ ተቃራኒ ማስረጃ ሲያቀርብ ብዙ ሰሚ አላገኘም። በሰው ላይ ያለው ክርክር አሁንም ቀጥሏል።

በእጁ የሣላቸው ሥዕሎች ዛሬም በመማሪያ መጻሕፍት ይታተማሉ። የካሃልና የተከታዮቹ መዛግብት በ2017 በዩኔስኮ የዓለም የትውስታ መዝገብ ውስጥ ገብተዋል።