ሊቁ ደቀ መዝሙር አባ አርሳንዮስ

ቤተ ክርስቲያናችን በየዓመቱ ግንቦት 13 ቀን በስንክሳር የምታስበው አባ አርሳንዮስ፥ በ4ኛው መቶ ዓመት በሮም የተወለደ፥ በጽርዕና በሮማይስጥ ትምህርት የታወቀ ሊቅ ነበረ። ንጉሥ ቴዎዶስዮስ ዝናውን ሰምቶ ወደ ቍስጥንጥንያ አስጠራውና የልጆቹ የአርቃዴዎስና የአኖሬዎስ መምህር አደረገው። ነገር ግን በዚያ ሁሉ ክብር መካከል ነፍሱ ዕረፍት አጣች። የሚድንበትን መንገድ ያመለክተው ዘንድ እግዚአብሔርን ቢለምን ከሰው ይሸሽ ዘንድ ተነገረው፤ ስለዚህም በ394 ዓ.ም. ገደማ (በአውሮጳውያን አቈጣጠር) በስውር በመርከብ ተሳፍሮ ወደ ግብፅ፥ ወደ ገዳመ አስቄጥስ ሄደ።

በዚያ አባ ዮሐንስ ሐፂር ፈተነው። መነኰሳቱ ለማዕድ ሲቀመጡ እርሱን ተቀመጥ ያለው አልነበረም። ቆይቶም አባ ዮሐንስ አንድ ኅብስት አንሥቶ ከፊቱ ጣለለት። የነገሥታቱ መምህር በእጁና በጕልበቱ ድኾ ሄዶ በላው፤ አባ ዮሐንስም ያን ጊዜ መነኵሴ እንደሚሆን ዐወቀ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ አንድ ፊደል ያልቈጠረ ግብፃዊ ሽማግሌ ስለ ልቡ አሳብ ሲጠይቅ አዩት። አንድ ወንድም ቢደነቅ፥ የጽርዕንና የሮማውያንን ጥበብ ቢያውቅም የዚህን ባላገር ፊደል ግን ገና እንዳልተማረ መለሰለት።

በዚህ ነገር ጥቂት መቆየት እንወዳለን። በጉባኤ ቤት ያረጀን ሰዎች የሌላውን ቃል የምንሰማው መልሳችንን እያዘጋጀን ነውና። እኛ ራሳችን አንድ ጊዜ አንድ ገበሬ ስለ ጾም ሊጠይቀን ቢጀምር፥ ቃሉን ሳይጨርስ ሦስት አንድምታ አወረድንለት። እርሱም በአክብሮት ሰምቶን ሄደ፤ ሊጠይቀን የመጣው ግን ሌላ ነገር ኖሯል። የሞላ ማድጋ ሌላ ውኃ አይቀበልም።

ይሁን እንጂ ልብን ባዶ ማድረግ ትምህርትን መጣል እንዳይመስለን። በወንጌል እንደ ተነገረው፥ ተጠርጎ ባዶውን የቀረ ቤት ለሰባት አጋንንት ማደሪያ ይሆናል። አርሳንዮስ የተወው ዕውቀቱን ሳይሆን ዐዋቂ ነኝ ማለቱን ነው፤ ባዶ የሆነውንም ስፍራ በጸሎት ሞላው። ቅዳሜ ማታ ፀሓይን በስተኋላው አድርጎ እጁን ዘርግቶ ይቆማል፤ እሑድ ጧት ፀሓይ በፊቱ ላይ እስክትወጣ ድረስ አይቀመጥም። ሰሌን የሚነክርበትን ውኃ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ይለውጥ ነበር፤ ክፉ ሽታውን የታገሠው በቤተ መንግሥት ስላሸተተው ሽቱ ፈንታ ነው። ዘመዱ የሆነ መኰንን ብዙ ሀብት ቢያወርሰው፥ እርሱ ከሟቹ አስቀድሞ የሞተ መሆኑን ገልጦ አልተቀበለም።

በ434 ዓ.ም. ገደማ በርበሮች አስቄጥስን ባጠፉ ጊዜ እያለቀሰ ወጣ። ከዚያም በኋላ በምስር አጠገብ በጡራ ተቀምጦ፥ በ449 ዓ.ም. ገደማ ዐረፈ። በሞቱ ሰዓት ሲያለቅስ ደቀ መዛሙርቱ ደነገጡ፤ እርሱ ግን ያ ፍርሀት ከመነኰሰበት ቀን ጀምሮ እንዳልተለየው ነገራቸው። ለደቀ መዝሙሩ ለዳንኤል የተረፈው ርስት አንድ የቈዳ ልብስ፥ አንድ ነጭ የጠጕር ቀሚስና የሰሌን ጫማ ነበረ። ዳንኤልም ለበረከት ይለብሰው ነበር።