ካርል ድሬየር፦ በዘመኑ የተናቀው የ“ቫምፒር” ፊልም አባት

አንድ ክፉ ሐኪም ሕይወቱን ለማትረፍ ሲሸሽ ወደ ወፍጮ ቤት ይገባል። የብረት ፍርግርጉ በር ይዘጋበታል፤ ወፍጮው መዞር ይጀምራል፤ ነጭ ዱቄትም ከላይ ይወርድበታል። ዱቄቱ ከእግሩ ተነሥቶ ወገቡን፣ ከዚያም ደረቱን እያለፈ ይከመራል፤ በመጨረሻም ትንፋሹን ያሳጣዋል። የሰው ልጅ እንጀራ የሚሆነው ዱቄት ለክፉው ሰው መቃብር ይሆናል።

ይህን ትዕይንት የያዘው “ቫምፒር” የተሰኘው ፊልም እ.ኤ.አ. በ1932 በርሊን ላይ ለሕዝብ ሲቀርብ የጠበቀው የተመልካች ጩኸትና ፉጨት ነበር። ዛሬ ግን የሲኒማ ታሪክ ጸሐፍት ከአስፈሪ ፊልሞች ምርጦቹ መካከል ይቆጥሩታል። በውግዘቱና በክብሩ መካከል ግን የፊልሙ ዳይሬክተር ካርል ቴዎዶር ድሬየር ብዙ ዋጋ ከፍሏል።

ድሬየር የካቲት 3 ቀን 1889 በዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሃገን ተወለደ፤ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀናትና ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እናቱ ጆሴፊን ኒልሰን በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ስዊድናዊት ነበረች። ከጋብቻ ውጭ የተወለደውን ልጇን የምታሳድግበት አቅም ስላልነበራት ለሌሎች ሰጠችው። ልጁም ገና ሕፃን ሳለ አንድ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ በማደጎ ወሰደው፤ የራሱንም ስም ሰጠው። እናቲቱ ዳግመኛ ጸንሳ ጽንሱን ለማስወረድ በወሰደችው የክብሪት መርዝ በ1891 ሕይወቷ አለፈ። ድሬየር የእናቱን ታሪክ ያወቀው ካደገ በኋላ ነው። ኋላ በሠራቸው ፊልሞች ውስጥ በሕግ፣ በሃይማኖትና በማኅበረሰብ ጫና የሚሠቃዩ ሴቶች ደጋግመው መታየታቸውን ብዙዎች ከዚህ ሐዘን ጋር ያያይዙታል።

ወጣቱ ድሬየር በቢሮ ጸሐፊነት ሠርቶ ወደ ጋዜጠኝነት ተሻገረ። ቀጥሎም ኖርዲስክ በተባለው የዴንማርክ የፊልም ኩባንያ ተቀጥሮ፣ ፊልሞች ድምፅ ባልነበራቸው በዚያ ዘመን በምስሎች መካከል የሚነበቡትን ጽሑፎች ያዘጋጅ ጀመር። የመጀመሪያ ፊልሙ “ፕሬዚዳንቱ” በ1919 ለተመልካች ቀረበ። በ1928 ፈረንሳይ ውስጥ የሠራው “የዣን ዳርክ ሕማማት” ታላቅ አድናቆትን ቢያስገኝለትም ያወጣውን ገንዘብ መመለስ አልቻለም። ከዚያ በኋላ በድሬየር ሥራ ላይ ገንዘቡን የሚያውል ኩባንያ ማግኘት አስቸጋሪ ሆነ።

ችግሩን የፈታው ኒኮላ ደ ጉንዝቡርግ የተባለ ሀብታም ባላባት ነበር። ሰውየው ለአዲሱ ፊልም ወጪውን ሲሸፍን የጠየቀው ነገር ዋናውን ገጸ ባሕርይ መጫወትን ብቻ ነበር። ድሬየርም ተስማማ፤ ጉንዝቡርግ ስሙን ለውጦ ተወነ። ከቀሩት ተዋንያን አብዛኞቹ ትወናን ሙያቸው ያላደረጉ ሰዎች ነበሩ። ቀረጻው ኩርተምፒዬር በተባለች የፈረንሳይ የገጠር መንደርና በአካባቢዋ፣ በእውነተኛ ቤቶች ውስጥ ተካሄደ።

“ቫምፒር” ማለት በአውሮፓውያን ተረት ከመቃብር እየተነሣ የሰው ደም የሚመጥ ሙት ነው። በፊልሙ አላን ግሬይ የተባለ መንገደኛ በአንዲት መንደር ሲያድር አንዲት ሙት አሮጊት የአንድ ቤተሰብን ልጅ ደም እየመጠጠች ለሞት እንዳቀረበቻት ይደርስበታል። ጥላዎች ያለ ባለቤታቸው ይሄዳሉ። መንገደኛው ራሱን በሬሳ ሣጥን ውስጥ ሆኖ ወደ ቀብር ሲወሰድ፣ ሰማዩንና የዛፎቹን ጫፍ በክዳኑ መስታወት በኩል ሲያይ ያልማል።

የፊልሙ ልዩ መልክ የተገኘው በአጋጣሚ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተቀረጹት ምስሎች አንዱ፣ ያልታሰበ ብርሃን ሌንሱ ላይ በማረፉ ደብዝዞ ወጣ። ድሬየርና የካሜራ ባለሙያው ሩዶልፍ ማቴ ድብዛዜውን ወደዱት። ከካሜራው ፊት ስስ ሻሽ እየወጠሩና በሻሹ ላይ ብርሃን እያሳረፉ ቀሪውን ፊልም ሆን ብለው በዚያው መልክ ቀረጹት። በዚህም ፊልሙ የማለዳ ጉም የሸፈነው መሰለ።

በ1931 በአሜሪካ የተሠሩት “ድራኩላ” እና “ፍራንከንስታይን” ለለመደ ተመልካች ይህ ጉምና ዝምታ እንግዳ ነበር። የጀርመን ሳንሱር አስቀድሞ የሐኪሙን አሟሟትና የአሮጊቷ ልብ በብረት የሚወጋበትን ክፍል አሳጥሮታል። በርሊን ላይ ተመልካች ጮኸበት። በቪየና ደግሞ ገንዘባችን ይመለስልን ያሉ ሰዎች ሁከት አስነሥተው ፖሊስ ጣልቃ ገባ። በአሜሪካ ፊልሙ ተቆራርጦ በሌላ ስም ታየ።

ድሬየር አእምሮው በጭንቀት ታውኮ ሕክምና ገባ። ሲያገግም ለሥራ ወደ ሶማሊያ ተጓዘ፤ አገሪቱ ያኔ በጣሊያን ቅኝ አገዛዝ ሥር ነበረች። በዚያም ታምሞ ያሰበውን ፊልም ሳይሠራ ተመለሰ። ቀድሞ ትቶት ወደነበረው ጋዜጠኝነት ገብቶም የፍርድ ቤት ችሎቶችን ይዘግብ ጀመር። ቀጣዩን ረጅም ፊልሙን “የቁጣ ቀን”ን ለሕዝብ ያቀረበው ከ11 ዓመታት በኋላ፣ በ1943 ነው። በ1955 የዴንማርክ ገበሬ ቤተሰብን እምነትና ሐዘን የሚተርከው “ቃል” በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ወርቃማውን አንበሳ አሸነፈ። ይህም ሆኖ በእርጅናው ዘመን ኑሮውን የደገፈለት ከ1952 ጀምሮ ያስተዳድረው የነበረው የኮፐንሃገን ሲኒማ ቤት ነበር። መጋቢት 20 ቀን 1968 በ79 ዓመቱ ሲያርፍ የሠራቸው ረጃጅም ፊልሞች 14 ብቻ ነበሩ። ለዓመታት የተዘጋጀበት የኢየሱስ ክርስቶስ ሕይወት ፊልም ሳይሠራ ቀረ።

“ቫምፒር” በእነዚያ ዓመታት ጥቂት ታማኝ ወዳጆች ብቻ ነበሩት። የተቀረጸበት የመጀመሪያው ጥሬ ፊልም ጠፍቷል። ያተረፉት በየአገሩ የፊልም ማኅደር የተቀመጡ ያረጁና የጎደሉ ቅጂዎች ናቸው። በ1998 የጀርመንና የጣሊያን ባለሙያዎች የጀርመንኛውንና የፈረንሳይኛውን ቅጂዎች አነጻጽረው፣ የአንዱን ጉድለት በሌላው እየሞሉ ፊልሙን አደሱት። አዲሱ ትውልድም ያኔ የተጮኸበትን ሥራ በጸጥታ ተቀምጦ ለማየት በቃ።

ከውግዘቱ እስከ እድሳቱ 66 ዓመታት አልፈዋል፤ ድሬየርም ያን ቀን ለማየት አልታደለም። በእነዚያ ዓመታት ውስጥ አንድ የማኅደር ሠራተኛ ማንም የማይፈልገውን አሮጌ ጥቅል ፊልም ቦታ አጣበበ ብሎ ጥሎት ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ የሚመሰክርለት ባልተገኘ ነበር።