የሕፃኑን ደም መንገድ የመረመረ ሐኪም፤ ዊልያም ሀርቬይ

ሕፃን ተወልዶ የመጀመሪያውን ለቅሶ ሲያሰማ ቤተ ዘመድ እልል ይላል እንጂ፤ በዚያች ደቂቃ በሕፃኑ ደረት ውስጥ ስለሚፈጸመው ታላቅ ለውጥ የሚያስብ ጥቂት ነው። ይህን ምሥጢር አስቀድመው ከመረመሩት ሊቃውንት አንዱ እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ሀርቬይ ስለ ሆነ፤ የሕይወቱን ታሪክ ባጭሩ ለአንባቢዎቻችን እናቀርባለን። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሀርቬይ በ1578 ዓ.ም. ፎክስተን በምትባል የእንግሊዝ የባሕር ዳር ከተማ ተወለደ። በኬምብሪጅ ከተማረ በኋላ ወደ ኢጣልያ ተሻግሮ፤ በ1602 ዓ.ም. በፓዱዋ የሕክምና ዶክተርነት ማዕርግ ተቀበለ። ወደ አገሩ ተመልሶም በለንደን በቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል አገለገለ፤ የንጉሥ ጀምስና የንጉሥ ቻርልስም ሐኪም ሆነ።

በዚያን ጊዜ ሐኪሞች ከ1,400 ዓመት በፊት የኖረውን የጋሌንን ትምህርት ተከትለው፤ ደም በጉበት እየተፈጠረ በሰውነት ውስጥ ያልቃል ብለው ያምኑ ነበር። ሀርቬይ ግን የእንስሳትን ልብ መርምሮ፤ ደም ከልብ ወጥቶ ዞሮ ወደ ልብ እንደሚመለስ በ1628 ዓ.ም. ባሳተመው መጽሐፍ አስረዳ። ብዙዎች ተቃወሙት፤ በሽተኞቹም ሸሹት ይባላል። እርሱ ግን ከያዘው እውነት አልተመለሰም።

በዚሁ መጽሐፍ፤ የፅንስ ሳንባ ገና ሥራ ስላልጀመረ፤ ደሙ በልብ ውስጥ ባለች ቀዳዳና በአንዲት አጭር ደም ሥር በኩል ሳንባን ትቶ እንደሚያልፍ ገለጸ። በ1651 ዓ.ም. ባሳተመው ሌላ መጽሐፍ ደግሞ፤ ሳይተነፍስ ለወራት የኖረ ፅንስ አንድ ጊዜ አየር ከሳበ በኋላ ያለ አየር መኖር ስለ ምን እንደሚያቅተው ጠየቀ። ኦክሲጅን የታወቀው ከመቶ ዓመት በኋላ ነውና፤ መልሱን ሳያገኝ በ1657 ዓ.ም. በ79 ዓመቱ ሞተ።

ዛሬ መልሱ ታውቋል። ፅንስ ኦክሲጅን የሚያገኘው በእንግዴ ልጅና በእትብት በኩል ከእናቱ ደም ነው፤ የራሱ ደም ሄሞግሎቢንም ከእናቱ ይልቅ ኦክሲጅንን አጥብቆ ይይዛል። ተወልዶ ሲተነፍስ ግን ሳንባው ይከፈታል፤ ደምም ወደዚያ ይጎርፋል። ከሳንባ የሚመለሰው ደም ቀዳዳዋን ገፍቶ ይዘጋታል፤ አጭሯም ደም ሥር በጤነኛ ሕፃን በጥቂት ቀናት ውስጥ ትዘጋለች። የፅንስነቱ ሄሞግሎቢን አብዛኛው በስድስት ወር ገደማ በአዲስ ይተካል። እትብቱ ከተቆረጠ ወዲያ ግን ከሳንባው በቀር ኦክሲጅን የሚያገኝበት በር የለውም።

ይህች ደም ሥር ሳትዘጋ ስትቀር ልብን ታደክማለች። በ1938 ዓ.ም. ሐኪሙ ሮበርት ግሮስ በቦስተን ከተማ የአንዲትን የሰባት ዓመት ልጅ ደም ሥር በቀዶ ሕክምና ቋጥሮ አዳናት። ሀርቬይ የራሱን ልጅ ሳይወልድ አለፈ፤ የጀመረው ምርምር ግን የብዙ ሰዎችን ልጆች ለማዳን መንገድ ጠርጓል።