የእርሻ ባለሙያውና የሻላ ፔሊካኖች

በሐዋሳ የሚኖር ሰው ወቅት መለወጡን ለማወቅ የቀን መቁጠሪያ የግድ አያሻውም፤ ወደ አሞራ ገደል ወርዶ ሐይቁን መመልከት ይበቃዋል። በእርግጥ ዓሣ አጥማጆቹ የሚጥሉትን የዓሣ ሆድ ዕቃ የሚጠባበቀው አባ ኮዳና ከዛፍ ጫፍ ሆኖ የሚጮኸው ዓሣ በሊታ ንስር ዓመቱን ሙሉ ከቦታቸው ስለማይታጡ ስለ ወቅት የሚመሰክሩት ነገር የለም። መስከረም ከጠባ በኋላ ግን ከአውሮፓና ከእስያ የሚመጡ ዳክዬዎችና እግረ ረጃጅም የውኃ ዳር ወፎች በቄጠማው መካከል እየበረከቱ ይሄዳሉ። በጋው አልፎ ሚያዝያ ሲያልቅ አብዛኞቹ ወደ ሰሜን ተመልሰዋል። በክረምት ደግሞ ተራው የአገሬው ወፎች ነው፤ ጎጆ ሠሪዎቹ ቢጫ ላባቸውን ለብሰው በሸምበቆው ላይ ጎጇቸውን ይሸምናሉ።

በኢትዮጵያ የትኛው ወፍ የት እንደሚገኝ፣ የትኛው ነዋሪ የትኛው እንግዳ እንደሆነ በአንድ ጥራዝ ተሰብስቦ በአዲስ አበባ የታተመው በ1971 ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያሳተመው የቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ሲሆን፣ አዘጋጆቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛው በዚያው ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት መምህር የነበሩት አሜሪካዊው ኤሚል ኧርባን ናቸው። ሁለተኛው ሌስሊ ብራውን ግን የዕድሜያቸውን ትልቅ ክፍል ያሳለፉት ወፍን በማጥናት ሳይሆን በእርሻ ሙያ መንግሥትን በማገልገል ነበር። የወፉ ጥናት ከቢሮ ሰዓት ውጭ፣ በዕረፍት ቀንና በመስክ ጉዞ መካከል የተሠራ ነው። ይህም ሆኖ በአፍሪካ የአዳኝ አሞራዎችና የውኃ ወፎች ጥናት የእርሳቸውን ያህል ስማቸው የሚነሣ ሰዎች ጥቂት ናቸው።

ሌስሊ ሂልተን ብራውን በ1917 ከብሪታንያ ወላጆች በሕንድ አገር ተወለዱ። በስኮትላንድ በሴንት አንድሩስ ዩኒቨርሲቲ ከተማሩ በኋላ የሐሩር አገር እርሻን አጥንተው በ1940 በቅኝ አገዛዙ የእርሻ አገልግሎት ተቀጥረው ወደ ናይጄሪያ ሄዱ። በ1946 ወደ ኬንያ ተዛውረው፣ አገሪቱ ነጻ እስከወጣችበት እስከ 1963 ድረስ በዚያው ሠሩ፤ ከፍተኛ የእርሻ ባለሥልጣን ለመሆንም በቁ። እዚህ ላይ ሳይነሣ የማይታለፍ ነገር አለ። ብራውን ያገለገሉት መንግሥት የኪኩዩንና የሌሎችን ሕዝቦች ለም መሬት ለነጭ ሰፋሪዎች የሰጠና የማው ማውን ትግል በጭካኔ ለመደምሰስ የሞከረ መንግሥት ነበር። የሰውየው የአፈር ጥበቃና የእርሻ ዕውቀት እውነተኛ ቢሆንም፣ ሥራው የተሠራው በዚያ ጥላ ሥር ነው።

ብራውን በተመደቡበት በኤምቡ አውራጃ አንድ ኮረብታ ነበር። በዚህ ኮረብታ ላይ ልዩ ልዩ የንስር ዓይነቶች እርስ በርሳቸው ተቀራርበው ጎጆ መሥራታቸውን ካስተዋሉ በኋላ፣ እያንዳንዱን ጥንድ ከዓመት ዓመት ይከታተሉ ጀመር። የዘመኑ ወፍ አጥኚዎች አብዛኛውን ጊዜ ወፉን ተኩሰው ጥለው፣ ቆዳውን አድርቀው ወደ ሙዚየም ይልኩ ነበር። የብራውን ዘዴ ይህን የሚቃረን ነው፤ መቀመጥ፣ ማየት፣ መጻፍ። ስንት ዕንቁላል ተጣለ፣ ስንቱ ተፈለፈለ፣ ስንቱ ጫጩት ለመብረር በቃ፣ ጥንዱ የትኛውን ዓመት ሳይወልድ አሳለፈ የሚለው ሁሉ በቁጥር ተመዘገበ። በአንዳንድ ንስሮች ጎጆ ውስጥ ታላቁ ጫጩት ታናሹን እንደ ቃየል መግደሉን ተመልክተው የጻፉትም ከዚህ የተነሣ ነው። ከአሜሪካዊው ዲን አማዶን ጋር ስለ ዓለም ንስሮች፣ ጭላቶችና ጭልፊቶች በ1968 ያሳተሙት ትልቅ ሥራ በዚህ ዓይነቱ ትዕግሥት ላይ የተመሠረተ ነው።

ትዕግሥታቸው ግን ከድፍረት ጋር የተቀላቀለ ስለነበር አንድ ጊዜ ሕይወታቸውን ሊያሳጣቸው ደርሷል። በምሥራቅ አፍሪካ ሐይቆች ላይ በሚሊዮን የሚቆጠር ትንሹ ፍላሚንጎ ይታያል፤ የት እንደሚፈለፈል ግን በውል አይታወቅም ነበር። በ1954 ብራውን በአውሮፕላን ሲበሩ ዛሬ ታንዛኒያ በምትባለው አገር በሚገኘው በናትሮን ሐይቅ ላይ የወፎቹን መንደር አዩ። ከዚያም ብቻቸውን በእግር ወደ መንደሩ ለመድረስ ተነሡ። የናትሮን ዳርቻ ከላይ ሲታይ ደረቅ መሬት ይመስላል፤ ነገር ግን ከሶዳው ቅርፊት በታች ያለው የሚያሰጥም፣ የሚያቃጥልም ጭቃ ነው። ቅርፊቱ እየተሰበረ እግራቸው በጭቃው ሲዋጥ፣ ሶዳው ወደ ጫማቸው ገብቶ ቆዳቸውን ይልጠው ጀመር። ከመንደሩ ሳይደርሱ ተመልሰው፣ በጭንቅ ከዳር ወጡ። ለሳምንታት ሆስፒታል ተኝተው፣ በተቃጠለው እግራቸው ላይ ከሌላ የሰውነት ክፍል የተወሰደ ቆዳ ተለጥፎላቸዋል። ከዳኑ በኋላ ጥናቱን አልተዉትም፤ ስለ ፍላሚንጎዎቹ ምሥጢር የጻፉት መጽሐፍ በ1959 ወጣ።

ወደ ኢትዮጵያ በሰፊው የመጡት የኬንያ ሥራቸው ባበቃበት በ1963 ገደማ ነው። በሰሜን ተራሮች ዋልያን፣ በባሌና በአርሲ ደጋ የደጋ አጋዘንን ሁኔታ መረመሩ፤ የጉዟቸውንም ታሪክ በ1965 በመጽሐፍ አሳተሙ። ያን ጊዜ በአገሪቱ ውስጥ በሕግ የተከለለ ብሔራዊ ፓርክ አልነበረም። የሰሜን ተራሮች ፓርክ በ1969 በአዋጅ ሲቋቋም፣ የባሌውም በ1970 ሥራ ሲጀምር ከመነሻ ጽሑፎቹ መካከል የብራውን ሪፖርቶች ይገኙባቸዋል።

ለኢንጂነር ዓይን ከሁሉ ይልቅ የሚማርከው ግን ሐዋሳ ገና ልጅ እግር ከተማ በነበረችበት በ1960ዎቹ፣ ከእርሷ በስተሰሜን ከአንድ መቶ ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት የተሠራው ሥራ ነው። ሻላ በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች ሁሉ ጥልቁ ነው፤ እስከ 266 ሜትር ይወርዳል። ውኃው ሶዳማ በመሆኑ ለዓሣ ኑሮ አይመችም። ሆኖም ዓሣ ብቻ የሚበላው ትልቁ ነጭ ፔሊካን በሺህ በሚቆጠሩ ጥንዶች ሆኖ የሚፈለፈለው በዚሁ ሐይቅ ደሴቶች ላይ ነበር። ወፍ ምግብ በሌለበት ቦታ ለምን ጎጆ ይሠራል? ብራውንና ኧርባን ለዓመታት ተመላልሰው ያጠኑት ይህን ነው። ደሴቶቹ ቀበሮም ሰውም በቀላሉ የማይደርስባቸው ስለሆኑ ለጫጩት ደኅና ናቸው። ምግቡ ያለው ግን ከጠባብ ኮረብታማ ወገብ ማዶ ነው። ጥልቀት የሌለው አቢጃታ ውኃው ሶዳማ ቢሆንም ያን ጊዜ በቆሮሶ ዓሣ የተሞላ ነበር። ስለዚህ አንዱ ሐይቅ መኝታ ቤት፣ ሌላው ጓዳ ሆኖ ያገለግል ነበር ማለት ነው።

የመመላለሱ ዘዴ ራሱ የሚያስደንቅ ነው። ፔሊካን ክንፉን ሲዘረጋ ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ፣ አሥር ኪሎ ግራም ያህል የሚመዝን ከባድ ወፍ በመሆኑ በክንፍ ምት ብቻ ኮረብታ ልሻገር ቢል ጉልበቱ በከንቱ ያልቃል። ስለዚህም ጧት አይቸኩልም። ፀሐይ ምድሩን አሙቃ አየሩ ወደ ላይ መነሣት ሲጀምር፣ በመንጋ ሆኖ በሞቀው አየር ዓምድ ውስጥ እየዞረ ይወጣል፤ በቂ ከፍታ ሲያገኝ ክንፉን ዘርግቶ ሳይመታ ወደ አቢጃታ ይንሸራተታል። ሞተር የሌለው አውሮፕላን የሚበርበት ሕግ ይኸው ነው። ዕንቁላሉ ለመፈልፈል ወደ አምስት ሳምንት፣ ጫጩቱ ለመብረር ከዚያ በኋላ ከሁለት ወር በላይ ይፈልጋል። ጥንዱ አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ዕንቁላል አንድ ጫጩት ብቻ ያደርሳል። አንድ ትልቅ ፔሊካን በቀን ወደ አንድ ኪሎ ግራም የሚጠጋ ዓሣ ይበላል ቢባል፣ አሥር ሺህ ወፍ በቀን አሥር ቶን ያህል ዓሣ ከአቢጃታ ማውጣቱ ነው፤ ለጫጩቶቹ የሚወሰደው ሳይቆጠር። እንዲህ ያለ ሒሳብ የሚሠራ ሰው ሻላን ያለ አቢጃታ መጠበቅ ከንቱ መሆኑን ለማየት አይቸገርም። ጥናቱ በ1969 ታተመ፤ ቀጥሎ በአካባቢው የታቀደው ብሔራዊ ፓርክም ሁለቱን ሐይቆች በአንድ ክልል አጣመረ።

ካርታ ላይ የተሠመረ ክልል ግን የውኃን መንገድ አይዘጋም። አቢጃታ በአብዛኛው የሚኖረው ከዝዋይ ሐይቅ በቡልቡላ ወንዝ፣ ከላንጋኖም በሆራ ቀሎ በኩል በሚደርሰው ውኃ ነው። ዝዋይ ደግሞ የመቂንና የቀታርን ወንዞች ይጠብቃል። በእነዚህ ወንዞችና በዝዋይ ዙሪያ መስኖ እየሰፋ ሲሄድ ወደ ታች የሚወርደው እየቀነሰ መጣ። በ1980ዎቹ ደግሞ በአቢጃታ ዳር የሶዳ አሽ ፋብሪካ ተተከለ፤ የሐይቁን ውኃ በፓምፕ ወደ ማትነኛ ገንዳዎች ያወጣም ጀመር። እያንዳንዱ ሥራ ለየብቻው ሲታይ ጥቅሙ ግልጽ ነበር፤ እርሻው ምርት፣ ፋብሪካው ለኢንዱስትሪ የሚሆን ጥሬ ዕቃ ይሰጣል። የድምሩ ውጤት የታየው ግን ማንም ባልገነባበት ቦታ ነው። ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ላይ የከፍታው ጥቂት መውረድ ዳርቻውን በብዙ ያሸሻል፤ ውኃው ሲያንስ ጨውና ሶዳው ይወፍራል። የአቢጃታ ዓሣ ይህን ሊቋቋም አልቻለም። የሻላ ውኃ ከቦታው ሳይጓደል፣ ደሴቶቹም ሳይነኩ፣ ፔሊካኖቹ ጓዳቸው ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ በደሴቶቹ ላይ የሚፈለፈሉትም ቁጥራቸው እጅግ አሽቆለቆለ።

ብራውን ይህን አላዩም። በ1980 በኬንያ ሲሞቱ ዕድሜያቸው ከ63 ዓመት አልበለጠም ነበር። ከኧርባንና ከኬኔት ኒውማን ጋር የጀመሩት የአፍሪካ ወፎች ታላቅ ሥራ የመጀመሪያው ቅጽ የወጣው ከሞቱ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1982 ነው። የተቀሩትን ቅጾች ሌሎች ቀጠሉ።

በሐዋሳ ሐይቅ ላይ ፔሊካን ዛሬም ይታያል። ሐይቁ መውጫ ወንዝ ሳይኖረው ውኃው ለዓሣ የሚስማማ ሆኖ ቆይቷል። ይሁን እንጂ የጥቁር ውኃ ወንዝ የሚያልፍበት የጨለለቃ ረግረግ በደለል ተሞልቶ ከቀድሞ ስፋቱ ብዙውን አጥቷል። በየዓመቱ በጥር ወር ገደማ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የውኃ ወፎች ቆጠራ ሲደረግ፣ ቆጣሪዎቹ ከውኃው ዳር ቆመው፣ መነጽራቸውን ይዘው፣ በወረቀት ላይ ቁጥር ይጽፋሉ። የሻላ ዓምድ ሲሞላ የሚነጻጸረው በ1960ዎቹ ከተጻፈው ጋር ነው።