ሎሌው ባለቅኔ ሮበርት ዶድስሊ

ሮበርት ዶድስሊ በእንግሊዝ አገር በማንስፊልድ አጠገብ ከአንድ አስተማሪ ተወለደ። በልጅነቱ የካልሲ ሥራ እንዲማር ቢሰጥም ጠፍቶ ሄደና ለመኳንንት ሎሌ ሆነ። እያገለገለም ግጥም ይጽፍ ነበር፤ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1732 ዓመት ባሳተመው መጽሐፍም ሎሌነቱን ሳያፍርበት ገለጠ። ታላቁ ባለቅኔ አሌክሳንደር ፖፕ የጻፈውን ተመልክቶ አንድ መቶ ፓውንድ ረዳው፤ እርሱም በ1735 በሎንዶን ከተማ የመጽሐፍ መደብር ከፈተ።

ዶድስሊ ከፍ ካለ በኋላ የሌሎችን ድካም አልናቀም። ተበታትኖ ሊጠፋ የነበረውን የብዙ ባለቅኔዎች ግጥም ሰብስቦ በ1748 በሦስት ክፍል አሳተመ፤ በ1758 ስድስት ክፍል ሆነ። የጆንሰን፥ የግሬይና የኮሊንስም ግጥም በዚያ ይገኛል። በ1764 በደራም ከተማ ሞተ።

ልጆች ሆይ፥ በሰው እጅ የተነሣ ሰው እጁን ለሌላው ይዘርጋ።