ጆን ብራውኒንግ

ጆን ሞዘስ ብራውኒንግ (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 23 ቀን 1855 – ኖቬምበር 26 ቀን 1926) አሜሪካዊ የጦር መሣሪያ ንድፍ አውጪ ነበር። 128 የፈጠራ መብቶች (ፓተንቶች) በስሙ ተመዝግበዋል። ዛሬ ከሚመረቱት ከፊል አውቶማቲክ ሽጉጦች አብዛኞቹ የሚሠሩት እርሱ ባወጣው ዘዴ ወይም ከዚያ በተወሰደ ዘዴ ነው። ተኳሾች እስከ ዛሬ የሚያወዳድሯቸው ኮልት ኤም 1911 እና ብራውኒንግ ሃይ-ፓወር ሁለቱም ከእርሱ የመነጩ ናቸው፤ ሁለተኛውን ግን ሳይጨርሰው ሞተ። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና የመጀመሪያ ሥራዎች

ብራውኒንግ የተወለደው በዩታ ግዛት በኦግደን ከተማ ነው። አባቱ ጆናታን ብራውኒንግ ጠመንጃ ሠሪና የሞርሞን እምነት ተከታይ ሲሆን ከሦስት ሚስቶች 22 ልጆች ወልዷል። ጆን ሙያውን በአባቱ የሥራ ቤት ተማረ፤ የመጀመሪያ ጠመንጃውንም ገና በልጅነቱ ከወዳደቀ ብረት ሠራ። በ1879 አንድ ጥይት ብቻ ለሚጎርስ ጠመንጃ የመጀመሪያውን ፓተንት አገኘ፤ ከወንድሞቹ ጋር ሆኖም ማምረት ጀመረ።

በ1883 የዊንቸስተር ኩባንያ የዚህን ጠመንጃ መብት በ8,000 ዶላር ገዛ። ከዚያ በኋላ ለ19 ዓመታት ያህል ብራውኒንግ ንድፎቹን ለዚሁ ኩባንያ ሸጠ። ኩባንያው ለእያንዳንዱ ንድፍ አንድ ጊዜ ብቻ ይከፍል ነበር፤ ብዙዎቹንም ተፎካካሪ እንዳይወስዳቸው ገዝቶ ሳያመርታቸው አስቀመጣቸው። ብራውኒንግ ለአዲሱ የአደን ጠመንጃው ከእያንዳንዱ ሽያጭ ድርሻ በጠየቀ ጊዜ ኩባንያው እምቢ አለ። በዚህ ምክንያት በ1902 ንድፉን ይዞ ወደ ቤልጅየም ሄደ፤ በሄርስታል ከተማ ያለው የኤፍኤን ፋብሪካም ተቀበለው።

የሽጉጥ ንድፎቹ

በከፊል አውቶማቲክ ሽጉጥ ቃታው አንድ ጊዜ ሲሳብ አንድ ጥይት ይተኮሳል፤ የተኩሱ ኃይል ራሱ ባዶውን ቀለህ አውጥቶ ቀጣዩን ጥይት ያጎርሳል። ኃይለኛ ጥይት ሲሆን ግን ሽጉጡ ጊዜው ሳይደርስ እንዳይከፈት መቆለፍ አለበት። በብራውኒንግ ዘዴ አፈሙዙና ላይኛው ተንሸራታች ክፍል ተቆላልፈው ጥቂት ወደ ኋላ ይሄዳሉ፤ ከዚያም የአፈሙዙ የኋላ ጫፍ ዝቅ ሲል ይላቀቃሉ። ግሎክን ጨምሮ ብዙ የዘመኑ ሽጉጦች ይህንኑ ሐሳብ ይከተላሉ።

አነስተኛ ጥይት ለሚጎርሱት ሽጉጦቹ ይህ መቆለፊያ አላስፈለጋቸውም። ከእነዚህ አንዱ የሆነው የኤፍኤን ሞዴል 1910 በ1914 በሳራዬቮ አርክዱክ ፍራንዝ ፈርዲናንድ የተገደለበት ሽጉጥ ነው።

ኤም 1911

በፊሊፒንስ የተዋጉ የአሜሪካ ወታደሮች ባለ .38 ሪቮልቨራቸው ጉልበት አነሰው ብለው ስላማረሩ ሠራዊቱ ባለ .45 ሽጉጥ ጠየቀ። በመጨረሻው ፈተና ከብራውኒንግ ሽጉጥ 6,000 ጥይት ሲተኮስ አንድ ጊዜ እንኳ አልተሰናከለም፤ የተፎካካሪው የሳቬጅ ሽጉጥ 37 ጊዜ ተሰናክሏል። ሠራዊቱ ማርች 29 ቀን 1911 የተቀበለው ይህ ሽጉጥ እስከ 1985 ድረስ መደበኛ ትጥቅ ሆኖ ቆየ።

ሞቱና ሃይ-ፓወር

የፈረንሳይ ሠራዊት ብዙ ጥይት የሚይዝ ሽጉጥ በፈለገ ጊዜ ብራውኒንግ አዲስ ንድፍ ጀመረ። ነገር ግን የኤም 1911 ፓተንቶች በኮልት ኩባንያ እጅ ስለነበሩ የገዛ ራሱን የቀድሞ ሥራ እንዳይደግም ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረበት። በ1926 በሄርስታል ፋብሪካ፣ በልጁ በቫል ቢሮ ውስጥ ሳለ ልቡ ደክሞ ሞተ። ጥይቶችን በሁለት ረድፍ የሚይዘውን ካዝና የነደፈው ዲዩዶኔ ሴቭ ሥራውን ቀጠለ፤ የኮልት ፓተንቶች ጊዜ በ1928 ሲያልፍም የኤም 1911ን አንዳንድ ክፍሎች ጨመረበት። ሽጉጡ በ1935 ተጠናቀቀ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጀርመኖች በያዙት የቤልጅየም ፋብሪካም፣ ለተባባሪዎቹ ኃይሎች በካናዳም ስለተመረተ ሁለቱም ወገኖች ታጥቀውታል።

የሁለቱ ሽጉጦች ንጽጽር

ኤም 1911 በካዝናው 7 ባለ .45 ጥይቶች ይይዛል፤ ሃይ-ፓወር 13 ባለ 9 ሚሊ ሜትር ጥይቶች ይይዛል። የ.45ን ወዳጆች የጥይቱን ትልቅነትና የኤም 1911ን ቀጥ ብሎ የሚሳብ ቀላል ቃታ ያነሣሉ። ሃይ-ፓወርን የሚመርጡት ደግሞ የጥይቱን ብዛት፣ የእርግጫውን ማነስና ለእጅ የሚመቸውን እጀታ ይጠቅሳሉ።

ሁለቱም ጉድለት አላቸው። ኤም 1911 እጀታው በደንብ ካልተጨበጠ አይተኩስም፤ ይህን አንዳንዱ እንደ ጥበቃ፣ ሌላው እንደ እንቅፋት ያየዋል። ሃይ-ፓወር ካዝናው ከወጣ አይተኩስም፤ ይህ መከላከያ ግን ቃታውን ያከብደዋል። መዶሻውም የአንዳንድ ተኳሾችን እጅ ይነክሳል። ስለዚህ ምርጫው በተኳሹ እጅ መጠን፣ በልምዱና በሚፈልግበት ሥራ ይወሰናል። ብራውኒንግ ራሱ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ የመተኮስ ዕድል አላገኘም።