በበርሜል ጎመን የመርከበኞችን ነፍስ የታደገው ካፒቴን

በ18ኛው ክፍለ ዘመን ረጅም የባሕር ጉዞ የሚወጣ መርከበኛ ከማዕበልና ከጠላት መድፍ ይልቅ አንድ በሽታ ያስፈራው ነበር፤ ስኩርቪ። ለወራት ትኩስ አትክልትና ፍራፍሬ ያልቀመሰ ሰው ድዱ ያብጣል፣ ጥርሱ ይነቃነቃል፣ የዳነ ቁስሉ እንደገና ይከፈታል፤ ካልታከመም ይሞታል። የእንግሊዙ የባሕር ኃይል አዛዥ ጆርጅ አንሰን እ.ኤ.አ. ከ1740 እስከ 1744 ዓለምን ሲዞር አብዛኞቹን ሰዎቹን ያጣው በውጊያ ሳይሆን በበሽታ፣ በተለይም በስኩርቪ ነበር።

ጀምስ ኩክ እ.ኤ.አ. በ1728 በዮርክሻየር ከእርሻ ሠራተኛ ቤተሰብ ተወለደ። በልጅነቱ በሱቅ ተቀጥሮ ሠራ፤ ቀጥሎም በዊትቢ ወደብ የድንጋይ ከሰል በሚያመላልሱ መርከቦች ላይ የባሕርን ሙያ ተማረ። በ1755 የእንግሊዝን የባሕር ኃይል ተቀላቅሎ በካናዳ ዳርቻዎች ባነሣቸው ካርታዎች ታወቀ። በ1768 የኢንዴቨር መርከብ አዛዥ ሆኖ ወደ ደቡብ ፓሲፊክ ሲላክ ገና 39 ዓመቱ ነበር።

ከስንቁ መካከል በጨው ተቀምጦ የኮመጠጠ ጥቅል ጎመን ይገኝ ነበር። መርከበኞቹ ግን ያልለመዱትን ምግብ ለመቅመስ አልፈለጉም። ኩክ አላስገደዳቸውም፤ ጎመኑ በየቀኑ በመኮንኖች ማዕድ እንዲቀርብና ተራው ሰው እንደ ፈቃዱ እንዲወስድ አዘዘ። አለቆቻቸው ሲወዱት ባዩ ጊዜ ሁሉም ፈለጉት፤ ሳምንት ሳይሞላ በመጠን ማደል ግድ ሆነ።

የዚህ ምግብ ምስጢር እንዲህ ነው። የተከተፈ ጎመን በጨው ሲታሽ ውኃውን ይለቃል። አየር እንዳያገኘው ተጭኖ ሲቀመጥ፣ በቅጠሉ ላይ የነበሩ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ ላክቲክ አሲድ ይለውጡታል። አሲዱም ምግብ የሚያበላሹትን ተሕዋስያን ያግዳል፤ ስኩርቪን ከሚከላከለው ቫይታሚን ሲ የተወሰነውም ሳይጠፋ ይቆያል። እርጎን የሚያረጉትና በአገራችን ቆጮን የሚያብላሉት ባክቴሪያዎችም የዚሁ ወገን ናቸው።

ኢንዴቨር በ1771 ስትመለስ በስኩርቪ የሞተባት አልነበረም። ሆኖም በባታቪያ፣ በዛሬዋ ጃካርታ፣ የያዛቸው ወባና ተቅማጥ ከ30 በላይ ሰዎችን ጨርሷል፤ ለእነዚህ ጎመኑ መድኃኒት አልነበረም። ከ1772 እስከ 1775 በተደረገው ሁለተኛ ጉዞም ኩክ ራሱ በመራት ሬዞሉሽን ላይ በስኩርቪ የሞተ አልተገኘም። በ1776 የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ስለ መርከበኞች ጤና አጠባበቅ ላቀረበው ጽሑፍ የኮፕሊ ሜዳልያ ሸለመው።

እውነቱን ለመናገር ምስጋናው የጎመኑ ብቻ አይደለም። ኩክ በደረሰበት የብስ ሁሉ ትኩስ ቅጠላ ቅጠል ያስለቅም፣ የመርከቧንም ንጽሕና በጥብቅ ይቆጣጠር ነበር። እጅግ ያመነበት የብቅል ጭማቂ ግን ለስኩርቪ እምብዛም የማይጠቅም መሆኑ በኋላ ታውቋል።

ለሰዎቹ ጤና እንዲህ የተጠነቀቀው ካፒቴን ፍጻሜው አላማረም። ጉዞዎቹ ለአውሮፓ ቅኝ ገዥዎች መንገድ ጠርገዋል። እርሱም የካቲት 1779 በሃዋይ አንዲት ጀልባ በመሰረቋ የአገሩን ንጉሥ በመያዣነት ሊወስድ ሲሞክር በተነሣ ግጭት ተገደለ።

ጎመኑን የሚያኮመጥጠው ሕያው ተሕዋስ መሆኑን ሳያውቅ አለፈ። ፈረንሳዊው ሉዊ ፓስተር የላክቲክ አሲድ መብላላት የሕያዋን ተሕዋስያን ሥራ መሆኑን ያስረዳው በ1857፣ ኩክ ከሞተ ከ78 ዓመታት በኋላ ነበር።